የአስናቀ ጉዳይ በፒያሳ ግቢ ችሎት

(ለሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




አራዳ የከተማው ዋና ገበያ በነበረበት ዘመን ሰው ወደዚያ የሚወጣው ለመሸመት ብቻ አልነበረም፤ ለማየትም ይወጣ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተዘረጋው ገበያ ነጋዴው ከአሞሌው፣ ባላገሩ ከእህሉ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ከወዲያ በኩል ሁለት ተሟጋቾች «ተጠየቅ» እየተባባሉ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ይታያሉ። መንገደኛው «ዳኘን» ከተባለ የራሱን ጉዳይ ትቶ ይቆማል፤ ቆሞም ይፈርዳል። የአራዳ ዘበኛ አንድ ተጠርጣሪ ይዞ ሲያልፍ ደግሞ፣ ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ከተያዘው ሰው ይልቅ የነገሩን ምሥጢር የሚያውቅ ይመስል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሕዝብ ይከተለው የነበረው ግን ሌባ ሻይ ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱን የያዘው ሰው ከኋላው እየተጎተተ፣ እያሸተተና እየተንፏቀቀ ከደጅ ደጅ ይዘዋወራል፤ በመጨረሻም ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ልማዱ በተፈሪ መኰንን የአልጋ ወራሽነት ዘመን ተከልክሎ ቀርቷል። ለሕግ ሰው አሳፋሪ ማስረጃ ነው። ለተመልካች ግን ልጁ በየትኛው ደጃፍ እንደሚወድቅ እስኪታወቅ ድረስ የመንደሩ ሰው ልብ አያርፍም፤ የንጹሑ ልብ ደግሞ ከሌባው ልብ ይብሳል፤ ሌባው ቢያንስ እውነቱን ያውቃልና። «ልብ አንጠልጣይ» የሚባለው ትርኢት ወደ አራዳ የገባው ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሚል ቢኖር ይህን ልጅ ረስቶታል ማለት ነው።

በየአገሩም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ቢሰረቅ ወይም ሰው ቢገደልና ጥፋተኛው ባይታወቅ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል፤ በገሃድ ለመናገር የሚፈራም «ወፍ ነገረኝ» ይላል። ስለ ቴሌቪዥን ተመልካቾች የሚናገር ቃል በአውጫጭኝ መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በፒያሳ ግቢዎች ውስጥ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ይደረግ ለነበረው ስብሰባ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ቴሌቪዥን ራሱ የአራዳ ልጅ ነው። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው የተቋቋመው አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው በአዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ቁልቁል ሲታይ ፒያሳ ከእግር በታች ነች። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ ሥዕሉ ቀለም አገኘ። የአራዳ ሰው ወንጀልን በሥዕል ከማየቱ በፊትም ቢሆን በንባብ ሠልጥኖ ነበር፤ በይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች፣ በማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትና «ፖሊስና እርምጃው» በተባለው ጋዜጣ። ስለዚህ ተከታታይ ድራማ በመጣ ጊዜ ያገኘው ያልተማረ ተመልካች አልነበረም።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የታየው «ሰው ለሰው» ከመቶ በላይ ክፍሎች ነበሩት። ከእነዚያ ሁሉ ክፍሎች ሕዝብ ዘንድ የቀረው አንድ ስም ነው፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ። አስናቀ ባለሀብት ነው፤ ንግግሩ የተመጠነ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ተንኮሉም እንዲሁ። ተዋናዩ በመንገድ ሲያልፍ በገጸ ባሕርዩ ስም ይጠራ ነበር፤ በሠፈርም ውስጥ የሚያሴር ሰው ሲገኝ «አስናቀ» ማለት ከረጅም ሐሜት ያሳርፍ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ ይከታተል የነበረው ዓለም ለስምንት ወራት «ጄ.አር.ን ማን ተኮሰው?» እያለ ሲጠይቅ ከርሞ ነበር። የፒያሳ ሰው ጥያቄ ሌላ ነው። አድራጊውን ከመጀመሪያ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው «መቼ ይያዛል?» ብሎ ነው። በዚህ ረገድ ወደ «ኮሎምቦ» ይቀርባል፤ በዚያም ተመልካቹ ገዳዩን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው መርማሪው ካፖርቱን ለብሶ ብቅ የሚለው። ልዩነቱ፣ ኮሎምቦ በዚያው ማታ ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በአማርኛው ድራማ ግን መርማሪው ብቅ እስኪል ዓመት ያልፋል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። በዶሮ ማነቂያ አካባቢ ከነበሩት ግቢዎች አንዱ ለምሳሌ ይበቃል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ የተሠራውን ግቢ ለስምንት አባወራ አከፋፈለው፤ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ በር። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ምሥጢር የሚባል ነገር አልነበረም፤ በጭቃ ግድግዳ ማዶ የሚያስነጥስ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከሦስተኛው ቤት ነው። ቴሌቪዥን ያላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ቢሆኑም ሰፊው ያለው እትዬ ቤት ስለነበር ችሎቱ የሚሰየመው እዚያ ነው። መከዳው ላይ ጡረታ የወጡት የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ይቀመጣሉ። ዱካው ላይ ልብስ ሰፊው፤ በሩ ላይ፣ ለመውጣትም ለመግባትም እንዲያመቸው፣ ወያላው። ዓይናቸው የደከመው እማማ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ አዙረው ከምድጃው አጠገብ ናቸው፤ ድራማውን በጆሯቸው ብቻ ይከታተላሉ። በዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠናው የግቢው ልጅ ደግሞ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የማታይ መስላ ታያለች።

ከዚህ በታች የሚነገረው በ«ሰው ለሰው» ላይ ብቻ የተሰጠ አስተያየት አይደለም። ከእርሱ በፊትና በኋላ ለታዩት ለ«ገመና»ም፣ ለ«ዳና»ም፣ ለ«ሞጋቾች»ም የተሰጠ የጋራ ብይን ነው።

የመጀመሪያው መቃወሚያ የተነሣው በስልክ ላይ ነበር። በድራማ ውስጥ ሰው በስልክ ምሥጢር ሲናገር በመጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል፤ ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በወዲያኛው ጫፍ ያለውም «ምን? ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ዕቃውን ይዤ፣ ከድልድዩ ሥር ነው ያልከኝ?» ብሎ ተመልካቹ ያመለጠው ነገር እንዳይኖር ይደግምለታል። በጭቃ ግድግዳ ሥር ያደገ ሰው ይህን ሊቀበል አይችልም። እትዬ ባለ ሥልጣን የመሰለ ትችታቸውን ሰጡ፤ «ይኼ ሰውዬ እኛ ግቢ አንድ ሳምንት ቢቀመጥ አፉን መዝጋት ይማር ነበር።»

ሁለተኛው ነገር የሐሳብ ድምፅ ነው። ክፉው ሰው በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ያደረገውንና ሊያደርግ ያሰበውን በሙሉ ይናዘዛል። ይህን ኑዛዜ እትዬ ይሰማሉ፣ ልብስ ሰፊው ይሰማል፣ መንገድ የሚያልፍ ሰው ይሰማል፤ የማይሰማው ፖሊሱ ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃው በዚህ እጅግ ይናደዱ ነበር። «የእምነት ቃል ሰጥቷል እኮ!» ሲሉ ተማሪዋ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ በአንቀጽ 35 መሠረት በፍርድ ቤት ካልተመዘገበ ምን ይረባል?» ትላቸዋለች። በሐሳብ የተሰጠ የእምነት ቃል በየትኛው መዝገብ ቤት እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ የመለሰ የለም።

የወያላው ድርሻ ጂኦግራፊ ነበር። ተሳዳጁ መኪና ከራስ መኰንን ድልድይ ተነሥቶ፣ አንድ ጊዜ ታጥፎ፣ ገርጂ ሲደርስ ወያላው ከበሩ ላይ ብድግ ይላል። «ይኼ መንገድ ወደዚያ አይወስድም! ቢወስድም በዚህ ሰዓት መንገዱ ዝግ ነው!» በድራማ ውስጥ መኪና የሚያቆም ቦታ አጥቶ የተንከራተተ ሰው ታይቶ እንደማይታወቅም ያስመዘገበው እርሱ ነው። ገዳይም ተገዳይም ልክ ከበሩ ፊት ለፊት ያቆማሉ።

እትዬን የሚያሳስባቸው ጭማቂው ነበር። በባለጸጎች ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ ጭማቂ ይቀርባል፤ እንግዳው ብርጭቆውን ያነሣል፣ ከባድ ነገር ይነገረዋል፣ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። «ያን ሁሉ ብርቱካን!» ይላሉ እትዬ። ልብስ ሰፊው ሳይጠጣ መሄዱ ደግ ነው፣ መርዝ ሊኖርበት ይችላል ብሎ ይከራከራል፤ እትዬ ግን መርዝም ቢሆን የተገዛ ነው ባይ ናቸው።

ስለ ሕክምናው፣ መነጽሩን እያወለቀ ስለሚወጣው ሐኪምም ብዙ ተብሏል፤ ለዚህ ጉባኤ አያስፈልግም። ስለ ጊዜ አቆጣጠር የተባለው ግን ለሕግ ሰው የሚጠቅም ነው። ድራማው ይታይ በነበረበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር። በድራማው ግን ተጠርጣሪው ሰኞ ይያዝና 48 ሰዓቱ ሳይሞላ በግቢው የቀን መቁጠሪያ አራት ሳምንት ያልፋል። በአንድ የእስር ጊዜ ውስጥ ከግቢው ሁለት ሰው አግብቷል፣ አንድ ሕፃን ክርስትና ተነሥቷል፤ ተጠርጣሪው ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ያንኑ ጥያቄ እየተጠየቀ ነው። በመጨረሻም ሽጉጥ ሲመዘዝ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሃምሳ አለቃው ይህን «ጊዜ ቀጠሮ» ይሉት ነበር፤ ሕጉ ለአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ሲፈቅድ ቴሌቪዥኑ በሰባት ቀን መርካቱን ግን እንደ ቸርነት ቆጥረውለታል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የግቢው ሰዎች ድራማውን ይንቁ ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል። አይደለም። የናቁትን ነገር ትተው ይተኙ ነበር። የሚስቁት ነገሩን እንደ እውነተኛ ጉዳይ ይዘውት ማስረጃው የማያሳምን ሲሆንባቸው ነው፤ ደካማ ምስክር ሲሰማ በችሎት ውስጥ የሚያልፈው ሳቅ ዓይነት። ደራሲዎቻችን ይህን ሳቅ ከሽልማት አስበልጠው ቢይዙት አይጎዱም።

አንድ ማታ ግን ሳቁ ቆመ። ድራማው የትኛው እንደነበረ እንኳ ዛሬ ያከራክራል፤ የተደረገው ግን ይህ ነው። ክፉው ሰው ከመሳቢያው ሽጉጥ አወጣ። በሩ ተንኳኳ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እጁን እጀታው ላይ ሲያሳርፍ መብራት ጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት መብራት ነበረው። ወያላው ማንም ሳያዝዘው ሮጠ። የእትዬ የልጅ ልጅም በሌላ አቅጣጫ ወደ አንድ ሱቅ ሮጠ። የቀሩት በሻማ ብርሃን ተቀምጠው ጠበቁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ምስክሮች ተመለሱ። ወያላው «ያንኳኳው ሰው ወደቀ» አለ። ልጁ «ኧረ የወደቀው የከፈተው ነው» አለ።

ሃምሳ አለቃው ሻማውን ወደ ምስክሮቹ አስጠጉትና መጠየቅ ጀመሩ። «አንተ፣ ሲተኮስ አይተሃል አይደለም?» ሲሉ ተማሪዋ መጽሐፏን ዘጋች። «ጋሼ፣ ይኼ መሪ ጥያቄ ነው።» ሃምሳ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቆጣት ይልቅ አሰቡ። «እሺ፤ የት ቆመህ ነበር?» ወያላው በሻይ ቤቱ በር ላይ፣ ከአንድ ረጅም ሰው ኋላ እንደነበረና የሥዕሉን የላይኛውን ግማሽ ብቻ እንዳየ ተናገረ። ታዲያ ሰው ሲወድቅ እንዴት አየ? «ጭንቅላቱ ከሥዕሉ ወጣ፤ ስለዚህ ወደቀ።» ልጁ ከፊት፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያይ ነበር፤ ነገር ግን ባለሱቁ በመካከሉ ክብሪት አቀብለኝ ስላለው ዞር ብሎ ነበር። ሲመለስ ያየው ምንጣፍ ላይ የተዘረጋ እግር ነው። የማን እግር? ጥቁር ጫማ ያደረገ። ክፉው ሰው ጥቁር ጫማ ነበረው ወይ? ግቢው በሙሉ ተፋጠጠ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ያዩትን ሰው የጫማ ቀለም የሚያውቅ ከመካከላቸው አልተገኘም።

እማማ ከምድጃው በኩል አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ስንት ጊዜ ተተኮሰ?» ወያላው አንድ፣ ልጁ ሁለት አሉ። እማማ «እንግዲያው ሁለታችሁም አልሰማችሁም» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ልብስ ሰፊው ትዕግሥቱ አልቆ «የሚያከራክረን ምንድን ነው? ሰውዬው ገዳይ መሆኑን እናውቅ የለ?» አለ። ተማሪዋ «የበፊቱን አይተናል፤ ይኼን አላየንም» አለችው።

ለሕግ ሰው ከዚያ ግቢ የሚገኘው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ በዚህች መልስ ውስጥ ነው። ያ ክፉ ሰው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በግቢው ውስጥ የተፈረደበት ነበር፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ሐሳቡን ሳይቀር ይሰማ ነበርና። መብራቱ ሲጠፋ ተመልካቹ ከዚያ ከፍታ ወርዶ ዳኛ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ፤ በፊቱ ያለው ከረጅም ሰው ኋላ የቆመና ክብሪት ሊያቀብል ዞር ያለ ምስክር ብቻ ሆነ። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በቧንቧው ወረፋም በቡናውም ላይ፣ «ገደለው» ያለ ሰው «አይተሃል?» እየተባለ ቃሉን አነሣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው የሰጠው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት በዚያ ሳምንት በዶሮ ማነቂያ ውስጥ ያለ አስተማሪ ሲሠራበት ሰነበተ። በዚያው አካባቢ በሚያስችለው አራዳ ምድብ ችሎት በየዕለቱ የሚቀርቡት ሰዎችም ጉዳያቸው እንዲሁ ነው፤ ከዳኞቹ መካከል የመጀመሪያውን ክፍል ያየ የለም። ተከታታይ ድራማ ሕዝብን ስለ ወንጀል ብዙ አስተምሯል ይባላል። ያስተማረው ግን በአብዛኛው የተያዘ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ነው፤ እኛ አይተነዋልና። ሌላውን ያስተማረው መብራት መጥፋቱ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት «ባለፈው ክፍል» የሚለው ማስታወሻ ሲታይ ግቢው ትንፋሹን ያዘ። በሩ ተከፈተ፤ ሽጉጡ ተተኮሰ፤ ጥይቱ የግድግዳውን መስታወት ሰበረ። ማንም አልወደቀም። ያንኳኳው ሰው ደንግጦ ጎንበስ አለ እንጂ ምንም አልሆነም፤ ምንጣፉ ላይ የታየው እግር ሶፋ ላይ የተጋደመው የዘበኛው ነበር። ሃምሳ አለቃው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። በሥራ ዘመናቸው የጻፏቸውን መዝገቦች እያሰቡ እንደነበር የገመቱ አሉ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብራ ፈርሳለች፤ ሰዎቹም በከተማዋ ዳርቻ ወደተሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተበትነዋል። አዲሶቹ ቤቶች የየራሳቸው መጸዳጃና የየራሳቸው ቧንቧ አላቸው፤ ይህን የሚያማ ሰው በዚያ አንድ መጸዳጃ ደጃፍ ወረፋ ጠብቆ የማያውቅ መሆን አለበት። ግድግዳውም ድምፅ አያሳልፍም። ድራማ በብዛት አለ፤ ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የቱርክ ገዳዮችም አማርኛ ይናገራሉ። ሆኖም ወያላው በስልኩ ማክሰኞ ያየውን ልብስ ሰፊው ዓርብ ያየዋል፤ ያመለጠው ካለ መልሶ ያየዋል እንጂ ጎረቤት አይጠይቅም። ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም።

የግቢው ሰዎች የሚገናኙት አሁን በለቅሶ ነው፤ ዕድሩ አልፈረሰምና። በአንድ እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ወያላው፣ ያን ጊዜ ሾፌር ሆኗል፣ ስለ አንድ አዲስ ድራማ መናገር ሲጀምር ልብስ ሰፊው እጁን አንሥቶ «እኔ ገና እዚያ አልደረስሁም፤ አትንገረኝ» አለ። ምስክር ዝም እንዲል በግቢው ታሪክ የተለመነው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ እማማ፣ «ለመሆኑ ያን መስታወት ማን ከፈለው?» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ተኳሹ መክፈል አለበት አሉ። ተማሪ የነበረችው፣ ዛሬ ጠበቃ ናት፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ይርጋው ሁለት ዓመት ስለሆነ ጊዜው አልፏል አለች። ሃምሳ አለቃው ግን ለዚህ ተዘጋጅተው ኖሯል፤ ጉዳቱ በወንጀል የደረሰ ከሆነና የወንጀል ሕጉ የረዘመ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ያው የረዘመው እንደሚጸና የዚያው ቁጥር ንዑስ ቁጥር 2 ይናገራል አሉ። ልብስ ሰፊው መስታወቱ የተሰበረው ተኳሹ በገዛ ቤቱ ውስጥ መሆኑን አስታወሰ። ወያላው ደግሞ ቤቱ የኪራይ ነበር አለ፤ በስንተኛው ክፍል እንደተነገረም ጠቀሰ። ድንኳኑ ሲነቀል ክርክሩ ገና በዚህ ላይ ነበር።